ለመታመም ፈቃድ ሲጠብቁ የኖሩት የዶን ኤውላሊዮ ታፑዪማ ካናዮ የሕይወት ታሪክ

ዶን ኤውላሊዮ ታፑዪማ ካናዮ ከአባታቸው ከዶን ሌኦቪሂልዶ ታፑዪማ እና ከእናታቸው ከዶኛ ኤንካርናሲዮን ካናዮ፣ በማራኞን ወንዝ ዳር በምትገኘው በኑዌቮ ቲፒሽካ መንደር፣ እ.ኤ.አ. ጁን 20 ቀን 1960 ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ስድስተኛ ልጅ ነበሩ። እናታቸውን ምጥ የያዛቸው ዓሣ ላይ ጨው ሲነሰንሱ ነው። ልጁን በሰላም ተገላግለው፣ እትብቱ ተቆርጦ፣ ፊታቸውን ታጥበው የቀረውን ዓሣ እንደጨረሱት በመንደሩ ይነገራል። በዚህ ቤተሰብ ሥራ ትቶ መተኛት ከመሠረቱም አልተለመደም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ሦስት ዓመት ተምረዋል። አራተኛውን ያልተማሩት ሰንፈው አይደለም። ወንዙ ሞልቶ የትምህርት ቤቱን ወለል ወሰደው፣ መምህሩም በዚያው ሄደ፣ ሁለቱም አልተመለሱም። (መምህሩ አልሞተም፤ ዩሪማጓስ ከተማ ሄዶ ሱቅ ከፈተ።) እ.ኤ.አ. በ1979 ለባሕር ኃይል አገልግሎት ተጠርተው ሁለት ዓመት በወንዝ ጀልባ ላይ አገለገሉ። ተኩስ አልሆነላቸውም፤ ሞተር መፍታትና መግጠም ግን እዚያው ተማሩ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ወንዝ ላይ እሳቸው ጆሮአቸውን ሰጥተውት በሽታውን ያልተናገረ ሞተር የለም።

እ.ኤ.አ. በ1983 ዶኛ ሄርሜሊንዳ ሙራያሪን ለማግባት አንድ ሰው የሚያህል ዓሣ ተሸክመው ሽምግልና ሄዱ። የልጅቷ እናት ዓሣውን ተቀብለው ከመረመሩ በኋላ፣

«ዓሣው ጥሩ ነው። አንተስ ምን ሥራ አለህ?» አሏቸው።

«ሞተር እጠግናለሁ።»

«የማንን?»

«የተበላሸውን ሁሉ።»

«ይሄ ሥራ ሳይሆን ልማድ ነው። ቋሚ ሥራ ሲኖርህ ተመለስ» ብለው ዓሣውን አስቀርተው ሰውዬውን መለሷቸው። ዶኛ ሄርሜሊንዳ ግን ዓሣውም ሰውዬውም ጥሩ መሆናቸውን አይተው ስለነበር፣ በሦስተኛው ሳምንት ልብሳቸውን በከረጢት ይዘው ታንኳው ላይ ወጡ። አርባ ዓመት አብረው ኖረው ኔሊዳን፣ ሴጉንዶንና ሮኔርን ወልደዋል። አማታቸው እስኪሞቱ ድረስ በየበዓሉ «ቋሚ ሥራ ተገኘ?» ከማለት አልቦዘኑም።

ዶን ኤውላሊዮ ግንድ በወንዝ አንሳፍፈዋል፣ ዓሣ አጥምደዋል፣ ሞተር ጠግነዋል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 1996 የሳን ሃሲንቶ ዴል ካኞ ጤና ጣቢያ የጀልባ ነጂ ሆነው ተቀጠሩ። ኮንትራቱ የሦስት ወር ነበር። «እስኪ እንያዎት፣ ከዚያ ቋሚ እናደርግዎታለን» ተባሉ። ሲታዩ ሃያ ሰባት ዓመት ሆናቸው።

በየሦስት ወሩ የመጨረሻ ቀን፣ ኮንትራታቸው የታደሰላቸው ሰዎች ስም በጤና ጣቢያው በር ላይ ይለጠፋል። ስሙ ያለ ይሠራል፤ የሌለ ማንም ምንም ሳይለው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዶን ኤውላሊዮ በዚያ ቀን የተተኮሰ ሸሚዝ ይለብሱ ነበር። «ስሜ ባይኖር እንኳ አምሮብኝ ልመለስ» ይሉ ነበር። ዶኛ ሄርሜሊንዳ ደግሞ አንዲት ዶሮ አስረው ይጠብቃሉ። ስማቸው ካለ ዶሮዋ ትታረዳለች፤ ከሌለ ዶሮዋ ትተርፋለች። በዚህ ዓይነት መቶ ሰባት ዶሮ ታርዷል።

ሥራቸውን በተመለከተ፣ እዚህ የተቀመጥነው ግማሾቻችን በሳቸው ጀልባ ተጭነን ድነናል። እባብ የነደፈው፣ ከዛፍ የወደቀው፣ ምጥ የጠናባት፣ ሁሉም በሳቸው ጀልባ ነው የሄደው። አሥራ አንድ ሕፃናት ሆስፒታል ሳይደርሱ እዚያው ጀልባዋ ውስጥ ተወልደዋል። ሦስቱ ኤውላሊዮ ተብለዋል። አንዷ ኤውላሊያ ተብላለች፤ ስሟን ግን አትወደውም።

አሁን ስለ በሽታቸው መጻፍ አለብኝ፤ እሱ ደግሞ ከዶን ሲክስቶ ይጀምራል።

ዶን ሲክስቶ አበልጃቸውና የጤና ጣቢያው ጥበቃ ነበሩ፤ ሴጉንዶን ክርስትና ያነሱት እሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 ወባ ይዟቸው አሥራ አንድ ቀን ተኙ። በሦስት ወሩ መጨረሻ በሩ ላይ ስማቸው አልነበረም። ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፣ እንደገና ከላይ ወደ ታች ካነበቡ በኋላ ወደ ዶን ኤውላሊዮ ዞረው፣ «አበልጄ፣ መነጽር ነው መሰለኝ የሚያስፈልገኝ» አሉ። ዶን ኤውላሊዮ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ቀን ታምመው አያውቁም።

ማለትም፣ አሞኛል ብለው አያውቁም። እ.ኤ.አ. በ2014 ወባ ሦስት ጊዜ ይዟቸዋል። የጤና ጣቢያው ነርስ ኦብዱሊያ አኹዋናሪ አንድ ቀን ጀልባዋ ውስጥ የደም መመርመሪያ ሣጥናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ፊት ለፊታቸው ተቀምጠው ነበር።

«ዶን ኤውላሊዮ፣ ለምንድን ነው የሚንቀጠቀጡት?»

«ሞተሩ ነው የሚያንቀጠቅጠኝ።»

«ሞተሩ እኮ ጠፍቷል!»

«ይሄ ሞተር ክፉ ነው፣ ከጠፋም በኋላ ያንቀጠቅጣል።»

ነርስ ኦብዱሊያ ሳቁ። እሳቸውም ሳቁ። ሁሉም ይስቅ ነበር፤ ቀልደኛ ስለነበሩ። አንድ ሰው ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በሽተኛ ወደ ሐኪም ሲያመላልስ ኖሮ ራሱን አንድ ቀን አለማድረሱን ያየ አልነበረም። ቤት ሲገቡ የድመት ጥፍር የሚባለውን የሐረግ ልጣጭ አፍልተው ይጠጣሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ፣ ጠዋት ሸሚዛቸውን ለብሰው ይወጣሉ።

እ.ኤ.አ. በ2021 ለረጅም ዓመት በኮንትራት የሠሩ ሰዎች ቋሚ እንደሚሆኑ ተነገረ። ዶን ኤውላሊዮ የስልሳ አንድ ዓመት ሰው ነበሩ። ከዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ኮንትራቶቻቸውን ሁሉ አወጡ። ሁለቱን አይጥ በልቷቸው ስለነበር አይጧን ለአንድ ሳምንት ሙሉ ረገሟት። ማመልከቻውን የሞላችላቸው የልጅ ልጃቸው ዩሊሳ ናት፤ ይህንንም የጻፈችው እሷው ናት። «ለምን ቋሚ መሆን ይፈልጋሉ?» የሚል ጥያቄ ነበረበት።

«ምን ልጻፍ፣ አያቴ?»

«አገሬን ለማገልገል በይ።»

«እውነቱንስ?»

የጣሳውን ክዳን ገጥመው፣ «አንድ ቀን አሞኛል ለማለት» አሉ።

ዩሊሳ አገሬን ለማገልገል ብላ ጻፈች።

በዚያን ጊዜ ጎናቸውን ማመም ጀምሮ ነበር። በኋላ ሽንታቸው ቀላ። ይህን የምታውቀው ዩሊሳ ብቻ ናት፤ እሷም ያወቀችው ልብስ ስታጥብ ነው። ለአያቴ ለሄርሜሊንዳ እነግራለሁ ስትላቸው፣ «ንገሪያት፤ እሷ ለኦብዱሊያ ትነግራለች፣ ኦብዱሊያ መዝገብ ላይ ታሰፍራለች፣ መዝገቡ ከተማ ይሄዳል፣ ስሜ በሩ ላይ አይኖርም። ሃያ ስድስት ዓመት ቀዝፌ ወደቡ ሲታየኝ ታንኳዬን ትበሺዋለሽ?» አሏት። ዩሊሳ አፈኛ ናት ይባላል፤ በዚያ ቀን ግን አፏን ዘጋች።

ኖቬምበር 2022 ላይ ቋሚ ለመሆን የጤና ምርመራ ወረቀት ተጠየቁ። ነርስ ኦብዱሊያ ትንሽ ብልቃጥ ሰጥተዋቸው ጠዋት ሽንት ከቤት ይዘው እንዲመጡ አዘዟቸው። ዶን ኤውላሊዮ ጠዋት ከቤቱ ጀርባ ቆመው ብልቃጡን ወደ ፀሐይ አንስተው አዩት። ደፉት። ሦስት ጊዜ አጥበው ለዩሊሳ ሰጧት።

«ሙዪልኝ።»

«ምኑን?»

«ምኑን እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

«አያቴ፣ አብደዋል እንዴ? የሴት መሆኑን ቢያውቁስ?»

«ሽንት ቀሚስ አይለብስም። ፍጠኚ፣ ጀልባዋን ማስነሳት አለብኝ።»

«ከዚያስ መቼ ይታከማሉ?»

«ቋሚ የሆንኩ ዕለት። በእናቴ መቃብር!»

ውጤቱ ሲመጣ ነርስ ኦብዱሊያ ወረቀቱን እያውለበለቡ፣ «ዶን ኤውላሊዮ፣ የልጃገረድ ኩላሊት ነው ያለዎት!» አሏቸው። በዚያ ምሽት አያትና የልጅ ልጅ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። የሳቁበትን ነገር እግዚአብሔር ይቅር ይበላቸው።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2023 ዶን ኤውላሊዮ በስልሳ ሁለት ዓመታቸው ቋሚ ሠራተኛ ሆኑ። ሥራው ያው ነበር፤ ያው ጀልባ፣ ያው ወንዝ፣ ያው ክፉ ሞተር። ማኅተም ያለበትን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልለው መጀመሪያ የሄዱት ወደ አማታቸው መቃብር ነው። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ዶኛ፣ ተገኘ» አሉ። ቤት ሲመለሱ ዶሮዋ ታስራ ነበር። ዶኛ ሄርሜሊንዳ ገመዷን ፈትተው ለቀቋትና፣ «ከእንግዲህ በዚህ ቤት ዶሮ የሚታረደው ሲርበን ብቻ ነው» አሉ። በአርባ ዓመት ትዳራቸው ዶን ኤውላሊዮ ሲያለቅሱ የታዩት ያን ቀን ነው።

ማታውኑ ዩሊሳ፣ «ይኸው ቋሚ ሆኑ፤ አሁን ይታመሙ!» አለቻቸው።

«የማኅተሙ ቀለም ሳይደርቅ? ለመተኛት ነው ቋሚ የሆነው ይሉኛል። ትንሽ ልሥራላቸው።»

«ሃያ ሰባት ዓመት አልሠሩላቸውም?»

«እሱ ሌላ ነው። እሱ የኮንትራት ነው።»

በሜይም እንዲሁ አሉ። በጁንና በጁላይም። ፈቃድ ተሰጥቷቸውም መታመም አልቻሉበትም፤ ሰውነታቸው ተምሮ አያውቅማ።

ሴፕቴምበር 19 ቀን 2023 አንዲት ምጥ የያዛት ሴት ይዘው ሲጓዙ ሞተሩ ላይ ወደቁ። ጀልባዋ በራሷ ላይ መዞር ጀመረች። የሴትዮዋ ባል መሪውን ያዘ፣ ነርስ ኦብዱሊያ አንዴ ወደ ምጡ አንዴ ወደሳቸው እያሉ ሆስፒታል ደረሱ። ልጁ በሰላም ተወለደ። ነርስ ኦብዱሊያ የዶን ኤውላሊዮን ሱሪ አይተው፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ሲሏቸው፣ «ከትናንት» አሉ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ዋሹ።

የኩላሊት ካንሰር ነበር፤ ሳንባ ደርሷል። ሐኪሙ ለቤተሰቡ ሲናገሩ፣ «ከዓመት በፊት ቢመጡ ኖሮ አውጥተን እንጥለው ነበር» አሉ። ነርስ ኦብዱሊያ በዚያ ቃል ተሰበሩ። «ባለፈው ኖቬምበር መርምሬያቸው ነበር፤ ንጹሕ ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ምርመራውን አበላሽቼዋለሁ» እያሉ ይኸው እስከ ዛሬ ያለቅሳሉ። በዚህ ለቅሶ ላይም ከቤተሰቡ ጋር መቀመጥ አይገባኝም ብለው በር ላይ ቆመዋል።

ነርስ ኦብዱሊያ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ያ ሽንት የዩሊሳ ነው። ዶን ኤውላሊዮ ባረፉ ዕለት ዩሊሳ ለአያቷ ለዶኛ ሄርሜሊንዳ ተንበርክካ ተናግራለች። ዶኛ ሄርሜሊንዳ መጀመሪያ በጥፊ አጮሏት፣ ቀጥለው አቀፏት፣ ከዚያ «ጻፊው። ኦብዱሊያ ትስማው፤ የሦስት ወር ሰዎችም ይስሙት» አሏት። ስለዚህ ተጽፏል። እባክዎ በሩን ትተው ይግቡና ከኛ ጋር ይቀመጡ።

ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ዶን ኤውላሊዮ በሕይወታቸው የመጀመሪያውን የሕመም ፈቃድ ወሰዱ። በጠራራ ፀሐይ በረንዳው ላይ በተንጠለጠለው የመረብ አልጋቸው ውስጥ ሲተኙ የመንደሩ ልጆች ለማየት ይመጡ ነበር። አላፊ አግዳሚው ታንኳውን እያቆመ፣ «ዶን ኤውላሊዮ! በቀን ተኝተው!» ሲላቸው ወረቀቱን ከፍ አድርገው፣ «ፈቃድ አለኝ! ከነማኅተሙ!» ይሉ ነበር። ዶን ሲክስቶም በየቀኑ እየመጡ አጠገባቸው ይቀመጡ ነበር። «እንዴት ነው፣ አበልጄ፣ በፈቃድ መታመም?» ሲሏቸው፣ «ሕመሙ ያው ነው፤ አለመፍራቱ ግን ጥሩ ነው» አሉ።

ዲሴምበር 31 ቀን ጠዋት ሸሚዛቸው እንዲተኮስላቸው ጠየቁ። ዛሬ ዝርዝር የሚለጠፍበት ቀን ነው፣ እሄዳለሁ አሉ። ዶኛ ሄርሜሊንዳ፣ «አንተ ሽማግሌ፣ ቋሚ ነህ እኮ! ያንተን ስም ማንም አይለጥፍም፣ ማንም አይፍቅም!» ቢሏቸውም አላመኑም። መቆም ስላልቻሉ ዩሊሳን ላኳት። ሮጣ ሄዳ ሮጣ ተመለሰች።

«አለሁበት?»

«የሉበትም፣ አያቴ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«የሉበትም፣ ምክንያቱም የኮንትራቶቹ ዝርዝር ነው። እርስዎ ቋሚ ነዎት። ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት።»

«ከታች ወደ ላይም አነበብሽው?»

«ከታች ወደ ላይም።»

«እንግዲያው ደክሞኛል» አሉ። ዩሊሳ ይህን ቃል ካፋቸው ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ለዶኛ ሄርሜሊንዳም የመጀመሪያቸው ነው።

ዶን ኤውላሊዮ ታፑዪማ ካናዮ በተወለዱ በስልሳ ሦስት ዓመታቸው፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 3 ቀን 2024፣ በሕመም ፈቃድ ላይ ሳሉ፣ በገዛ ቤታቸው፣ ባለቤታቸው እጃቸውን ይዘው ሳሉ ዐረፉ። ቋሚ ሠራተኛ ሆነው የቆዩት ዘጠኝ ወር ነው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ዶክተር ሚልቶን ሬንሂፎ ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው፣ ማሳቶ የሚባለው የካሳቫ ጠላ ተቀድቶላቸው ከሣጥኑ ፊት ተቀምጠው ሳሉ፣ ዶኛ ሄርሜሊንዳ ሰው ሁሉ እየሰማ ጠየቋቸው።

«ዶክተር፣ የሦስት ወር ሠራተኛ መጥቶ አሞኛል ቢልህ ስሙን ታስወጣዋለህ?»

«ዶኛ ሄርሜሊንዳ፣ ዝርዝሩ የሚመጣው ከከተማ ነው...»

«ከተማ ማን እንዳመመው በምን ያውቃል? አንተ ካልነገርከው?»

ካርታ የሚጫወቱት ካርታቸውን አስቀመጡ። ዶክተሩ ጫማቸውን ተመለከቱ።

«አልነግርም» አሉ በመጨረሻ። «በዚህ ሣጥን ፊት ቃሌ ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔም እኮ የሦስት ወር ነኝ። ጨጓራዬን ካመመኝ ሁለተኛ ዓመቴ ነው» አሉ።

ዶኛ ሄርሜሊንዳ ማሳቶውን ከእጃቸው ወሰዱባቸው። «እንግዲያው የምርመራውን ሰልፍ አንተ ትመራለህ።»

በዚህም መሠረት ነገ ቅዳሜ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ነርስ ኦብዱሊያ የጤና ጣቢያውን ይከፍታሉ። በሳን ሃሲንቶ የምትሠሩ የኮንትራት ሰዎች፣ ጥበቃዎች፣ ጽዳቶች፣ መምህራን፣ ዛሬ ይህን ሣጥን በጀልባ ወደ መቃብር የምትወስደው አዲሱ ነጂያችንም ጭምር፣ ለምርመራ እንድትሰለፉ ቤተሰቡ በዶን ኤውላሊዮ ስም ይለምናችኋል። ሁላችሁም የራሳችሁን ይዛችሁ ኑ። ዩሊሳ ከእንግዲህ ለማንም አታበድርም።

ዶን ኤውላሊዮ ከባለቤታቸው ከዶኛ ሄርሜሊንዳ ሙራያሪ ሌላ ሦስት ልጆችን፣ ሰባት የልጅ ልጆችን፣ አበልጃቸውን ዶን ሲክስቶን፣ በጀልባቸው የተወለዱትን አሥራ አንድ ሕፃናትና በሴፕቴምበር የተወለደውን አሥራ ሁለተኛውን ትተውልን ሄደዋል። ከሩቅ በታንኳ መጥታችሁ ያፅናናችሁንን ሁሉ እግዚአብሔር ያክብርልን።

ቸሩ አምላክ የአያታችንን ነፍስ፣ የደከመው ሰው ደክሞኛል ሲል ማንም ክፉ በማያስብበት ቦታ ያሳርፍልን። አሜን።